ጎፈሩን ያጠበው ማን ነው?

በዚህ እትም ስለ አንድ የአንበሳ ፎቶግራፍ ልናጫውታችሁ ነው። ነገሩ ከሥራ ፍለጋ፣ ከኡልፓንና ከቤት ኪራይ የራቀ ይመስላል። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት ግን ከየቤታችን ግድግዳ የራቀ እንዳልሆነ ታዩታላችሁ።

ባለፈው ክረምት እዚህ ኔቬ ኦዝ ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር አንድ ትንሽ የፎቶግራፍ ቡድን አቋቁመን ነበር። ልጆቹ ዘጠኝ ናቸው፤ ካሜራው ሁለት ብቻ ስለሆነ የቀሩት በስልካቸው ያነሳሉ። እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኞች የፎቶግራፍ ሙያ የለንም። ቡድኑን የጀመርነው ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚሰበሰቡበት ምክንያት እንዲያገኙ ብለን ነው። የሚያስተምራቸው በሙያው የኖረ አንድ በጎ ፈቃደኛ ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ያሠራቸው ነበር።

አንድ ደመናማ ቀን ልጆቹን ይዘን ራማት ጋን ወደሚገኘው ሳፋሪ ሄድን። ቦታው ከፔታህ ቲክቫ ቅርብ ነው፤ ለሕዝብ ከተከፈተ ከ1974 ጀምሮ ብዙ ትውልድ ጎብኝቶታል። የአንበሶቹ ክልል የሚታየው በመኪና ውስጥ ሆኖ፣ መስኮት ተዘግቶ ነው። መምህሩ በመስተዋት ውስጥ ሲነሳ የመኪናው ነጸብራቅ እንዳይገባ ሌንሱን ከመስተዋቱ ጋር ማስጠጋት እንደሚያስፈልግ አሳያቸው። ከልጆቹ መካከል አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ወንዱ አንበሳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተኝቶ ራሱን ቀና ሲያደርግ አነሳችው። ከኋላው ነጣ ያለ ሰማይ፣ ከጎኑ ደግሞ የአጥሩ ሽቦና አንድ ምሰሶ ይታያል። ልጅቱ ፎቶውን ወደደችው፤ አጥሩን ግን ጠላችው።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህሩ «ሃይ ኪ» የሚባለውን አሠራር አስተማራቸው። ስሙ የመጣው ከሲኒማና ከስቱዲዮ መብራት ነው። ዋናው መብራት በእንግሊዝኛ «ኪ» ይባላል፤ ጥላውን የሚያሳሳው ረዳት መብራት ከዋናው ጋር ሲቀራረብ ጥቁር ጥላ ይጠፋና ምስሉ በጠቅላላው ብሩህ ይሆናል። የዱር አራዊት የሚያነሱ ሰዎች ግን መብራት ይዘው አንበሳ ዘንድ አይሄዱም። ስለዚህ ደመናማ ሰማይን፣ ጉምን፣ ፀሐይ ያነጣውን ደረቅ ሣር እንደ ነጭ ወረቀት ይጠቀሙበታል። ካሜራው ከሚለው መጠን በላይ ብርሃን ያስገባሉ። በባለሙያዎቹ አነጋገር አንድ «ስቶፕ» መጨመር ብርሃኑን 2 እጥፍ ያደርገዋል፤ ሁለት ስቶፕ ደግሞ 4 እጥፍ ነው። ከዚያ ኮምፒዩተር ላይ የኋላውን ገጽ ወደ ነጭ ይገፉታል፤ ብዙ ጊዜም ቀለሙን አውጥተው ጥቁርና ነጭ ያደርጉታል። አውሬው በወረቀት ላይ በቀለም የተሣለ ይመስላል። ለዚህ አሠራር ትልልቆቹ የድመት ዘመዶች የተመቹ ናቸው፤ ነብር ነጠብጣቡ አለው፤ አቦሸማኔ ከዓይኑ ሥር እስከ አፉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፤ አንበሳ ጎፈሩ አለው።

ልጅቱ ተቀምጣ ሠራች። ሰማዩን አነጣች፤ ሰማዩ ሲነጣ የአጥሩ ሽቦ ሳሳ፤ ምሰሶው ግን አልጠፋም። ምሰሶው እስኪጠፋ ድረስ የብርሃኑን መቆጣጠሪያ ለጠቅላላው ምስል ገፋችው። በመጨረሻ አጥሩም ምሰሶውም ጠፋ፤ አንበሳው በነጭ ባዶ ውስጥ ብቻውን ቀረ። እኛም «እንዴት ያምራል!» ብለን አጨበጨብን። በትልቅ ወረቀት አሳትመን ለወላጆች በተዘጋጀው ምሽት ከበሩ ፊት ለፊት ሰቀልነው።

በዚያ ምሽት የልጅቱ አያት መጡ። እማማ እ.ኤ.አ. በ1999 ከቋራ ከመጡት ወገኖቻችን አንዷ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ከፎቶው ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«አንበሳ ነው፣ እማማ። እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«አንበሳስ አንበሳ ነው። ጎፈሩን ያጠበው ማን ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጅቱ ግን አልሳቀችም። እማማ ሊያሳፍሯት ብለው አልነበረም፤ እውነቱን መናገራቸው ነበር። «አንበሳ እኮ በጎፈሩ ነው። ይህ በረኪና የነካው ይመስላል» አሉ። ከዚያም በአገራቸው ሳሉ ሌሊት ሲያገሳ ከብቱ እንዴት ይንቀጠቀጥ እንደነበር፣ ሽማግሌዎችም ጎፈሩ የጠቆረውን አንበሳ ከሁሉ አብልጠው ይፈሩት እንደነበር ነገሩን። ያን ጊዜ ወደ ፎቶው ተመልሰን አየን። እውነትም የአንበሳው ጎፈር የገለባ ቀለም ይዟል። ጠጉር በጠጉር ላይ ተደርቦ የነበረው ሁሉ አንድ ነጣ ያለ ጨርቅ መስሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስናየው ሰንብተን ይህን አላየንም።

እማማ የተናገሩት ነገር የተጠና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉ ተመራማሪዎች በታንዛንያ ሴሬንጌቲ ስላደረጉት ጥናት ጽፈዋል። በአንበሳ መጠን የተሠሩ፣ የተለያየ ጎፈር ያላቸው አሻንጉሊቶች ሜዳ ላይ አቁመው አንበሶቹ የሚያደርጉትን ተመለከቱ። ሴቶቹ ጠቆር ወዳለው ጎፈር ሲያዘነብሉ፣ ወንዶቹ ግን ጎፈሩ ከጠቆረው ይሸሹ ነበር። ጥቁር ጎፈር የጤናና የጉልበት ምልክት ነው፤ ሙቀት ስለሚያበዛበት ለባለቤቱ ዋጋም ያስከፍለዋል። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያሉትን ያየ ሰው ደግሞ ያስታውሳል። ግቢውን ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የዚያ ግቢ ወንዶች ጠቆር ያለው ጎፈራቸው ከራስና ከአንገት አልፎ በደረት ወርዶ እስከ ሆድ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት የ15ቱን አንበሶች ዘር መርምሮ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ጥቁሩን ማጠብ ማለት አንበሳውን ማንነቱን መንሳት ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለጋዜጣ ባላበቃነው ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ስልኳን ይዛ ወደ ቢሯችን መጣች። በበዓል ቀን ቤተሰቡ አብሮ የተነሳውን ፎቶ እንድናሳትምላት ፈልጋ ነበር፤ ጎንደር ላሉት አክስቷ ሊላክ ነው። ፎቶውን ስናይ ዝም አልን። አያቷ፣ እናቷና ወንድሞቿ እንዳሉ ናቸው። የእርሷ ፊት ግን ነጥቷል። አፍንጫዋም ጉንጯም ከግድግዳው ጋር ሊመሳሰል ምንም አልቀረው።

ለምን እንዳደረገችው ቀስ ብለን ጠየቅናት። «እናንተው ናችሁ ያስተማራችሁኝ። እንደ አንበሳው ነው፤ ሃይ ኪ ነው» አለችን።

የምንመልሰው አጣን። ልጅቱ ቀጥላ የክፍሏን ፎቶ አወጣች። ልጆቹ በጠራራ ፀሐይ፣ በነጭ ግድግዳ ፊት ተሰልፈዋል። የሌሎቹ ፊት ጥርት ብሎ ይታያል፤ እርሷና አጠገቧ ያለችው ጓደኛዋ ግን ከጥርሳቸውና ከዓይናቸው በቀር አይታዩም። «ይህኛው እኔ ነኝ? ወይስ ያኛው?» አለች። እኛ ስለ ልጆች በራስ መተማመን ስንት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠን እናውቃለን፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን በወረቀት ላይ ተጽፎ አይተን አናውቅም።

በዚያው ሳምንት ጥያቄውን ለመምህሩ አቀረብንለት፤ እርሱም ሁለቱ ፎቶዎች አንድ በሽታ እንዳላቸው አስረዳን። ካሜራ ያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል፤ በልማድ የሚሠራበት ከሚደርሰው ብርሃን 18 ከመቶውን የሚመልስ ግራጫ ነው። ነጭ ግድግዳ በበዛበት ቦታ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ጠይም ፊት ይጨልማል። የዛሬ ስልኮች ፊትን ለይተው ስለሚያውቁ ከቀድሞው ይሻላሉ፤ ከኋላ ኃይለኛ ብርሃን ሲኖር ግን እነርሱም ይሳሳታሉ።

በፊልም ዘመን ደግሞ ሌላም ነገር ነበረ። የኮዳክ ኩባንያ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ያለበት ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ በአንዲት ሞዴል ስም «ሸርሊ» ተባለ፤ የእርሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባል ነበር። ሎርና ሮት የተባሉ የካናዳ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት፣ ፊልሙ ጥቁር ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ኩባንያውን ከገፋፉት መካከል የእንጨት ዕቃና የቸኮላት አምራቾች እንደነበሩ ጽፈዋል። ጠይም ሰው የሚገኝበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ከአገር ይዘናቸው የመጣናቸውን የቆዩ ፎቶዎች አስታወስን። የፊታችን መጥቆር ከእኛ ይመስለን ነበር። ለካ ከፊልሙም፣ ከመብራቱም ነበረ።

ከዚህ በኋላ መምህሩ ልጅቱን «አንበሳውን እንደገና እንሥራው» አላት። እርሷ እምቢ ልትል ነበር፤ እናታችንን ትጠሩልኛላችሁ ብላ ፈርታም ይሆናል። እኛ ግን ማንንም አልጠራንም፤ ጥፋቱ የእኛም ነበረና አብረናት ተቀመጥን።

የመጀመሪያው ሥራ ዋናውን ፋይል መክፈት ነበር። ደግነቱ ካሜራው ፎቶውን «ሮው» በሚባለው፣ የገባውን ብርሃን ሳይጨምቅ በሚያስቀምጠው ዓይነት መዝግቦት ነበርና የጠፋ ነገር አልነበረም። ኮምፒዩተሩ ብርሃንን በቁጥር ይለካል፤ 0 ድፍን ጥቁር፣ 255 ድፍን ነጭ ነው። አንድ ቦታ 255 ከደረሰ በኋላ እዚያ የተመዘገበ ነገር የለም፤ ጠጉርም ሆነ ሰማይ አንድ ነው፤ ወደ ኋላም አይመለስም። ስለዚህ ልጅቱ መጀመሪያ አንበሳውን ከጀርባው ለይታ ዙሪያውን ከለለችው። ጎፈሩ ያለቀበትን ጫፍ፣ ጠጉሩ አንድ በአንድ የሚወጣበትን፣ በትዕግሥት ተከተለችው። ከዚያ ከክልሉ ውጭ ያለውን ሰማይ ብቻ አነጣችው፤ ነጩም 255 ሳይደርስ አቆመች። በአንበሳው ላይ ፊቱንና ዓይኑን ትንሽ አበራች፤ ጎፈሩን ግን አልነካችውም። በጣም የጠቆረው የደረቱ ጠጉር ከ0 ከፍ ብሎ፣ ጥቁር ሆኖ፣ ግን በውስጡ ጠጉሩ እየታየ ቀረ።

የሃይ ኪን ትርጉም የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። ሃይ ኪ ማለት ሁሉን ማንጣት አይደለም። ዙሪያው ሲበራ ጥቁሩ በጥቁርነቱ ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ ነው። ጥቁሩ ከሌለ ነጩ ባዶ ወረቀት ነው። አሠራሩን ያወቀ ሰው ከሚገፋው ይልቅ የማይነካውን አስቀድሞ ይወስናል።

ምሰሶው በዚህኛው ፎቶ አልጠፋም፤ ቀጭን ግራጫ መስመር ሆኖ ቀርቷል። ልጅቱ ይፋቅ አይፋቅ ብላ አሰበች። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ2009 በለንደን ትልቁን የዱር አራዊት ፎቶግራፍ ውድድር ያሸነፈው የተኩላ ፎቶ፣ ተኩላው ሰው ያለመደው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ በ2010 መጀመሪያ ሽልማቱን መነጠቁን ነገራት። በዚያ ውድድር ማብራትና ማደብዘዝ በልክ ይፈቀዳል፤ የነበረን ማጥፋትና ያልነበረን መጨመር ግን አይፈቀድም። እርሷም ምሰሶውን ተወችው።

እማማ ሁለተኛውን ፎቶ ለማየት መጡ። ዝቅ ብለው፣ መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አድርገው አዩት። «አሁንስ ራሱ ነው» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ግን የት ነው የቆመው?» ብለው ጠየቁ። ልጅቱ ብዕር አንሥታ ከሥሩ «ራማት ጋን ሳፋሪ» ብላ ቀኑን ጻፈችበት። ሁለተኛው ፎቶ አሁን በመጀመሪያው ቦታ ተሰቅሏል።

ስለ ቦታ ከተነሣ እማማን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በቋራ በኩል፣ በሱዳን ድንበር ላይ የሚገኘው አልጣሽ እ.ኤ.አ. በ2006 ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። በዚያ አንበሳ ስለመኖሩ ግን በዓለም አቀፍ የአንበሳ ካርታ ላይ የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሃንስ ባወር የተመራ ጉዞ፣ አንድ ነገር ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችን እዚያ ተክሎ የአንበሳ ምስልና ዱካ ይዞ ተመለሰ። በአካባቢው በሱዳን ካለው ዲንደር ጋር ተደምሮ እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ተገመተ። ካርታው ተለወጠ። እማማ ይህን ስንነግራቸው «እኛን ቢጠይቁን ኖሮ እንነግራቸው ነበር» ብለው ሳቁ። እነዚያን የካሜራ ምስሎች ያነሳቸው ማንም ሰው ለውበት ብሎ አይደለም። ዋጋቸው ያለው እንዳሉ በመቀመጣቸው ነው። ፎቶ ሁለት ሥራ አለው፤ አንዱ ማስጌጥ ነው፤ ሁለተኛው መመስከር ነው። የሚያጌጠውን እንደፈለግን እናስጊጠው፤ የሚመሰክረውን ግን አንንካው።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ ከዚህ ታሪክ የተማርነውን በአጭሩ እናካፍላችሁ። ልጃችሁን ስታነሱ ከጠራራ ፀሐይ ይልቅ ደብዘዝ ያለ ጥላ ምረጡ፤ ፊቱ ወደ ብርሃኑ ይሁን እንጂ ብርሃኑ ከኋላው አይሁን። በስልክ ስታነሱ ፊቱን በጣታችሁ ንኩት፤ ስልኩ ብርሃኑን ለዚያ ፊት ያስተካክላል። ከነጭ ግድግዳ ይልቅ መካከለኛ ቀለም ያለው ጀርባ ይሻላል። ፎቶውን ብታሳምሩ አይከለከልም፤ ግን ዋናውን አስቀርታችሁ በቅጂው ላይ ሥሩ፤ ቀኑንና ቦታውንም ጻፉበት። ብዙዎቻችን ከአገር ስንወጣ ከአንድና ከሁለት በላይ ፎቶ አልያዝንም፤ ልጆቻችን ግን ሺህ ፎቶ ኖሯቸው አንዱም እንዳይመስላቸው እንፈራለን። የክፍል ፎቶ ሲነሳ ደግሞ ፎቶ አንሺውን «እባክህ ጥላ ውስጥ አሰልፋቸው፤ የልጄም ፊት ይታይ» ማለት ነውር አይደለም። እኛም ዘንድሮ ከወላጆቹ ጋር ሆነን ጠይቀናል፤ እሺ ተብለናል።

የልጅቱ የበዓል ፎቶም ታትሟል። ካልተነካው ፋይል ተነሥታ፣ ጀርባውን ትንሽ አብርታ፣ የሁሉንም ፊት በየመልኩ አድርጋ እራሷ ሠራችው። ለአክስቷ የተላከው ይህ ነው። አንድ ቅጂ በእማማ ቤት ከቴሌቪዥኑ በላይ ተሰቅሏል። እማማ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣታቸው እየጠቆሙ «ይህች የልጄ ልጅ ናት፤ ጎፈሯን ተመልከቱ» ይላሉ አሉ።